ሕግ ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ

ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለዩኒቨርሲቲዎች ሥራ አመራር ቦርዶች እና ለሕግ ትምህርት ቤት ዲኖች



ጠበቃ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ መምህር አይደለሁም፤ በሴኔታችሁም ድምፅ የለኝም። ይሁን እንጂ ዛሬ የምታስተምሯቸው ልጆች ነገ ከጎኔ ወይም ከፊት ለፊቴ ቆመው ይከራከራሉ፤ ዳኛም ሆነው ይፈርዱልኛል ወይም ይፈርዱብኛል። ስለዚህ በሕግ ትምህርት ቤት ሥር የሚቋቋሙ፣ ሕግን ከኢኮኖሚክስ፣ ከሶሲዮሎጂ፣ ከታሪክ፣ ከጤናና ከመሬት አስተዳደር ጋር አጣምረው የሚያጠኑ የምርምር ማዕከላት ጉዳይ እኔንም ያገባኛል ብዬ ይህን በአደባባይ እጽፍላችኋለሁ።

ልመናዬን አስቀድሜ ልናገር። ማዕከል ክፈቱ፤ ግን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ክፈቱት። ጥያቄውም ሕግ ብቻውን ሊመልሰው የማይችል ይሁን። ሰዉ፣ በጀቱና ቢሮው ከጥያቄው በኋላ ይምጡ። አስቀድሞ ታፔላ ተሰቅሎለት ከዚያ በኋላ ሥራ የሚፈለግለት ማዕከል ባይከፈት ይሻላል።

ምን ማለቴ እንደሆነ ከማውቀው የመዝገብ ዓይነት ተነስቼ ላሳይ።

ለልማት የተወሰደ መሬት የካሳ ክርክር መዝገብ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ነው። የገማች ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ አለ። ቀጥሎ በማስመሪያ የተሰመረ ወይም በኤክሴል የተሠራ ሠንጠረዥ አለ፤ ባሕር ዛፉ ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ ተብሎ ተከፍሎ፣ ጌሾው በእግር፣ አጥሩ በሜትር፣ ቤቱ በቆርቆሮው ብዛት ተቆጥሮ ተሞልቷል። ከታች ሦስት ወይም አራት ፊርማ፣ ክብ ማኅተም፣ የተነሺው የአውራ ጣት አሻራ። የእርሻው ገቢ ደግሞ አንድ መስመር ላይ ይገባል፦ የምርቱ መጠን በኩንታል፣ የኩንታሉ ዋጋ፣ ከዚያ ማባዣው።

ማባዣው ላይ ቆም እንበል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ዘመን መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ የገጠር ባለይዞታ የሚከፈለው፣ ከመልቀቁ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። ያንን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላልተገኘለት ባለይዞታ ስሌቱን ቀየረው፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። ለተነሺው የተሻለ ሕግ መሆኑን አልክድም። ግን ለምን 15? 12 ወይም 25 ያልሆነው ለምንድን ነው? አዋጁን ከመግቢያው እስከ መጨረሻው አንቀጽ ብታነቡት ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አይነግራችሁም። አዋጅ እንዲህ ያለ ነገር የመናገር ልማድም የለውም።

ኢኮኖሚስት አጠገባችሁ ቢቀመጥ ግን ሒሳቡን ቡናው ሳይቀዘቅዝ ይሠራላችኋል። ለምሳሌ በዓመት 60 ሺህ ብር ያገኝ የነበረ ገበሬ 900 ሺህ ብር ተቀበለ እንበል። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለቁጠባ እንዲከፈል በተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ፣ ማለትም በ7 በመቶ፣ ባንክ ቢያስቀምጠው በዓመት 63 ሺህ ብር ይወልድለታል። እሰየው፤ ገቢው ተተካ። በቀድሞው ማባዣ ቢሆን 42 ሺህ ብር ብቻ ይሆን ነበር። ታዲያ በ2014 ዓ.ም. እንዳየነው የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሄድ፣ ያው 900 ሺህ ብር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ200 ሺህ ብር በላይ የመግዛት አቅም ያጣል። መሬቱ በእጁ ቢኖር ኖሮ የጤፉም ዋጋ ከገበያው ጋር አብሮ ይወጣለት ነበር፤ ባንክ ያለው ብር ግን ባለበት ይቆማል። እንግዲህ 15 በቂ የሚሆነው ገበሬው ገንዘቡን ሳይነካ ባንክ ካስቀመጠውና ዋጋ ካልናረ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች በየወረዳው ሆነዋል ወይስ አልሆኑም ለሚለው ከነጋሪት ጋዜጣ መልስ አይገኝም። ተነሺዎቹ ዘንድ ተሂዶ፣ ከዓመት ዓመት ተመላልሶ ነው የሚታወቀው።

ሌላው ከዚህም ይከብዳል። ይኸው የ2011 አዋጅ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ እንዲከፈል ይደነግጋል። ሕግ አውጪው ደግ አስቧል። ግን ዕድር ስንት ያወጣል? ዕድሜዋን ሙሉ ለአንድ ዕድር ስትከፍል የኖረች እናት ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ስትዛወር ያጣችው ምኑን ነው? ድንኳኑንና ወንበሩን? የሚቀብራትን ሰው? እሳት ስትጭር የምትሄድበትን ደጅ? እኔ በጠበቃነቴ ማድረግ የምችለው ደንቡና መመሪያው የሰጡኝን አኃዝ ጠቅሶ መከራከር ብቻ ነው። አኃዙ ከጉዳቱ ጋር ይመጣጠናል ወይ ብሎ ዳኛው ቢጠይቀኝ የማቀርብለት ነገር የለኝም። ዳኛውም አይጠይቀኝም፤ መልስ እንደሌለኝ ያውቃል።

ታዲያ ችሎት ውስጥ በምን እንከራከራለን? አቤቱታው በጊዜ ገደቡ ውስጥ ቀርቧል አልቀረበም፤ አቤቱታ ሰሚው አካል ሳያየው ጉዳዩ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ይመጣል አይመጣም፤ ውክልናው ይህን ይጨምራል አይጨምርም። ብዙው መዝገብ እዚያው ላይ ይዘጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ንብረቱ ለሚወሰድበት ሰው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ቃል ገብቷል። የተከፈለው ከተወሰደው ጋር ተመጣጠነ ወይ የሚለው ዋናው ጥያቄ ግን ሳይነሳ ሰውየው ከችሎት ይወጣል።

ይህ ነው ማዕከል የሚያስፈልገው ጥያቄ። የሕግ መምህሩ አንቀጹን ያውቃል፤ ኢኮኖሚስቱ የገንዘቡን ዕድሜ ያውቃል፤ የቅየሳ ባለሙያው ካርታው ላይ ያለው ስፋት መሬቱ ላይ ካለው ጋር ይስማማ እንደሆነ ያውቃል፤ ሶሲዮሎጂስቷ ገንዘቡ ባልና ሚስት መካከል እንዴት እንደተከፈለ ጠይቃ ታውቃለች። አራቱ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናቸው። ብዙ ጊዜ አንድ ግቢ ውስጥም ናቸው። የሚገናኙት ግን በመምህራን ክበብ ለምሳ ነው።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲው እ.ኤ.አ. በ1963 በጄምስ ፖል ዲንነት ሲከፈት፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም በዚያው ዓመት በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት ስድስት ኪሎ ሥራ ጀመረ። ፋኩልቲው የተሸከመው ሥራ ቀላል አልነበረም። የወንጀለኛ መቅጫው በስዊሱ ዣን ግራቨን፣ የፍትሐ ብሔሩ በፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ተረቆ ገና ከታወጀ ጥቂት ዓመታቱ ነበር። መምህራኑ ይህን ሕግ ርስትና ጉልት፣ ሽምግልናና አውጫጭኝ ለሚያውቅ አገር ልጆች ማስተማር ነበረባቸው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347፣ በሕጉ ውስጥ የተሸፈኑ ጉዳዮችን የሚመለከቱ የቀድሞ ሕጎችና ልማዶች ሁሉ፣ ሕጉ ራሱ ካስቀራቸው በስተቀር፣ መሻራቸውን ተናግሯል። ልማዱ ግን የተሻረ መሆኑን አልሰማም፤ ቅዳሜና እሑድ ዋርካ ሥር ሥራውን ቀጠለ።

ፋኩልቲው ይህን ስለተረዳ ከመማሪያ ክፍሉ ወጣ ያለ ሥራም ሠራ። የካቶሊክ ካህን የነበሩት፣ በኋላም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል የሆኑት አባ ጳውሎስ ጻድዋ ፍትሐ ነገሥትን ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ መለሱት፤ ወጣቱ አሜሪካዊ የሕግ መምህር ፒተር ስትራውስ አርታኢ ሆኖ ሠራ፤ ፋኩልቲውም እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተመው። ግዕዝ የሚያውቅና የዘመኑን ሕግ የሚያስተምር ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ባይቀመጡ ያ መጽሐፍ አይኖርም ነበር። ዛሬም ስለ ኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ የሚጽፍ የውጭ ሰው ሁሉ እሱን ይጠቅሳል። ፋኩልቲው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ የአገሪቱን ሕጎች አሰባስቦ አሳተመ፤ የልማት ምርምር ተቋሙም በዚያው ዓመት በዩኒቨርሲቲው ተመሠረተ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አብዮቱ መጣ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ለቅርብ ጊዜም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ የግጭት አፈታት ሥርዓቶች የወጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያዘጋጁት አንትሮፖሎጂስቱ አሉላ ፓንክረስትና የሕግ መምህሩ ጌታቸው አሰፋ ነበሩ። ጥምረቱ በራሱ ብዙ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 240/2013 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቁሟል። በ1952 ዓ.ም. በወረቀት የተሻረው በ2013 ዓ.ም. በወረቀት ተመለሰ ማለት ነው። አሁን የሚያስፈልገን የእነዚህን ሸንጎዎች ውሳኔ እየተከታተለ የሚመዘግብ፣ ሴቶች እዚያ ምን እንዳገኙና ምን እንዳጡ የሚያይ፣ ይግባኝ የተባለበት ጉዳይ መደበኛ ፍርድ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው የሚያጠና ቋሚ ክፍል ነው። ሁለት ምሁራን በፈቃዳቸው ተገናኝተው አንድ ጥሩ መጽሐፍ ሊያወጡ ይችላሉ። ሃያ ዓመት የሚዘልቅ ክትትል ግን ደመወዝ፣ መደርደሪያና ተተኪ ይፈልጋል።

ከውጭም ሁለት ልጥቀስ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግና ማኅበረሰብ ጥናት ማዕከሉ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1972 በብሪታኒያ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት ገንዘብ ነው። የሕግ ሰዎች፣ ኢኮኖሚስቶች፣ ሶሲዮሎጂስቶችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አብረው ተቀጠሩበት። ከቀደሙት ትልልቅ ሥራዎቹ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመው፣ በአደጋ የተጎዱ ሰዎችን ቤት ለቤት ጠይቆ ስንቱ ካሳ እንዳገኘ የቆጠረ ጥናት ነው። የእንግሊዝ የሕግ መጻሕፍት የተጎጂውን መብት በዝርዝር ያስተምሩ ነበር። ጥናቱ ያገኘው ግን ከተጎጂዎቹ በክስ መንገድ ካሳ የደረሳቸው 12 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ አገር ስለ ካሳ ሕግ የሚጽፍ ሰው ያንን ቁጥር ዘሎ መጻፍ አልቻለም። እኛ አገር ለሥራ ላይ አደጋ፣ ለመኪና አደጋ፣ ለመሬት ካሳ እንዲህ ያለ ቁጥር አምጣ ብትሉኝ ከየት እንደማመጣ አላውቅም።

ሁለተኛው የደቡብ አፍሪካው ነው። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1986፣ አፓርታይድ ገና ሳይወድቅ፣ በሕግ ፋኩልቲው ውስጥ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ተማሪዎች የሚወዳደሩበትን የሰብዓዊ መብት ምስለ ችሎት አዘጋጅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው የማስተርስ ትምህርት ደግሞ ተማሪዎቹን ለሁለተኛው መንፈቅ ወደ ተለያዩ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይልካል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከአጋሮቹ አንዱ ሆኖ ሠርቷል። እኔን የሚያስቀናኝ ሽልማቱ አይደለም፣ ምንም እንኳ የዩኔስኮንም የአፍሪካ ኅብረትንም ቢያገኝ። የሚያስቀናኝ አደረጃጀቱ ነው። ማዕከሉ በአንድ በኩል የፋኩልቲው የትምህርት ክፍል ነው፤ በሌላ በኩል እንደ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ገንዘብ አሰባስቦ የራሱን ሥራ ይሠራል። አንዱ ወገን ሲደክም ሌላው ያቆመዋል።

በእኛም ቤት ምንም የለም አልልም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት ሕግን፣ ቅየሳንና የንብረት ግመታን በአንድ ጣሪያ ሥር ያስተምራል። በአዲስ አበባ የሰብዓዊ መብቶች ማዕከሉና የፌዴራሊዝም ጥናቱ ከሕግ ትምህርት ቤቱ ጋር በአንድ ኮሌጅ ሥር ኖረዋል። መሠረት አለ። የምጠይቀው በዚህ መሠረት ላይ ስትገነቡ የተለመዱትን ጥፋቶች እንዳትደግሙ ነው፤ ጥፋቶቹንም በስማቸው ልጥራ።

አንደኛው የወርክሾፕ በሽታ ነው። ማዕከሉ ይከፈታል፤ ባነር ይሠራል፤ ሆቴል አዳራሽ ይያዛል፤ የመክፈቻ ንግግር፣ የሻይ ዕረፍት፣ ሁለት ጽሑፍ፣ ውሎ አበል፣ የቡድን ፎቶ። ከዚያ ሪፖርት ይጻፋል። ለጋሹ ሦስት ዓመቱን ጨርሶ ሲሄድ ፕሪንተሩና ሁለት ወንበር ይቀራሉ። ወርክሾፕ ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም፤ የሚቀርብበት ግኝት ሳይኖር ሲጠራ ነው ክፉ የሚሆነው።

ሁለተኛው የሰው ጉዳይ ነው፤ ማዕከል የሚሞተው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኢኮኖሚስቱ ደመወዙ፣ የማስተማር ጫናውና የዕድገቱ ወረቀት ያሉት በኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ነው። ከሕግ ሰዎች ጋር ሁለት ዓመት ወረዳ ለወረዳ ሲዞር ከርሞ የሚመለሰው የእሱ ክፍል «ይህ የእኛ መስክ አይደለም» ሊለው ነው። እንዲህ ከሆነ ብልህ ሰው አይመጣላችሁም፤ የሚመጣው ክፍሉ ያልፈለገው ነው። ስለዚህ የጋራ ቅጥር ይኑር፤ ግማሽ ጊዜው የማዕከሉ መሆኑ በደብዳቤ ተጽፎ ይሰጠው፤ በአካዳሚክ ዕድገት መመዘኛውም ከሌላ መስክ ሰው ጋር የተጻፈ ሥራ ዋጋው እንዳይቀንስ ሴኔቱ ይወስን። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ አንድ ስብሰባ ብቻ የሚፈጅ ማሻሻያ ነው። እዚሁ ላይ ለሕግ ባልደረቦቼም አንድ ቃል፦ ሌላውን መጠይቅ ሞይ፣ ራሳችሁን መደምደሚያ ጸሐፊ አታድርጉ። ይህን ካደረጋችሁ በሁለተኛው ዓመት ብቻችሁን ናችሁ።

ሦስተኛው የቀን መቁጠሪያ ነው። ትስቁ ይሆናል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ገንዘቡ ተለቆ፣ ግዢው ጸድቆ፣ መኪናው ተፈቅዶ ገጠር መውጣት ሲቻል ወራት አልፈዋል። ሰኔ 30 ደግሞ ያልተጠቀማችሁበት ይመለሳል። ገበሬውን ቤቱ አረፍ ብሎ የምታገኙት አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ በበጋው ነው፤ ክረምት ከሆነ መንገዱም ጭቃ፣ እሱም ማሳ ላይ ነው። አንድን ቤተሰብ ለአምስት ዓመት ተከትሎ የሚያጠና ሥራ በየሰኔው በሚዘጋ ሒሳብ አይሠራም። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚ ሆኖ በዚህ መንገድ ገብቷል፤ ሌሎችም ይከተላሉ ተብሏል። ራስ ገዝነት አደረጃጀትን፣ ሠራተኛንና ገንዘብን በራስ የመወሰን ሰፋ ያለ ነጻነት ከሆነ፣ ነጻነቱ የሚፈተነው በእንዲህ ያለው ጥቃቅን ነገር ነው። ለማዕከሉ ከዓመት ወደ ዓመት የሚሸጋገር ሒሳብ ፍቀዱለት።

አራተኛው፣ በእጃችሁ ያለውን ሀብት አለማየት ነው። ብዙዎቹ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፤ በወረዳ ፍርድ ቤቶች ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ይሠራሉ። አንዱን ጎብኝቼ የባለጉዳይ መቀበያ ቅጹን አይቻለሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቀበሌ፣ የጉዳዩ ዓይነት፦ ቀለብ፣ ፍቺ፣ ውርስ፣ የይዞታ ክርክር፣ የደመወዝ ክፍያ። ከታች «የተሰጠ አገልግሎት» የሚል ሳጥን አለ፤ «ክስ ተጻፈላቸው» ወይም «ምክር ተሰጣቸው» ተብሎ ይሞላል። ቅጹ በቦክስ ፋይል ታስሮ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት ተብሎ ይደመርና ሪፖርት ይሆናል። ክሱ ምን ላይ ደረሰ? ቀለብ የተፈረደላት እናት ቀለቡን ተቀበለች? አባትየው ሥራ ቀይሮ ጠፋ? ቅጹ ይህን የሚጠይቅ መስመር የለውም። ሁለት መስመር ጨምሩበት፤ ከስድስት ወር በኋላ የምትደውል አንዲት ተማሪ መድቡለት። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ቀለብ ውሳኔ አፈጻጸም ሕግ አውጪው ሊያልፈው የማይችል ጥናት ይኖራችኋል። ለዚህ ለጋሽ አያስፈልግም።

ፍርድ ቤቶቹንም ማካተት አለባችሁ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ውሳኔዎችን በቅጽ በቅጽ ሲያሳትም ኖሯል፤ ጠበቆች ያለ እነሱ መሥራት አንችልም። ነገር ግን ሰበር የደረሰ ጉዳይ ከብዙ መቶ አንዱ ነው። አገሪቱ በሕግ እንዴት እንደምትኖር የሚታየው በወረዳና በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የመዝገብ ክፍሎች፣ አቧራ በለበሱት መደርደሪያዎች ላይ ነው። አንድ ተመራማሪ ዛሬ እነዚያን መዛግብት ለማየት የሚያስፈልገው የትብብር ደብዳቤና የመዝገብ ቤት ኃላፊው በጎ ፈቃድ ነው፤ ኃላፊው ሲቀየር እንደገና ይጀምራል። ትምህርት ቤቱና ፍርድ ቤቱ ሰነድ ይፈራረሙ፤ ማን፣ ምን ዓይነት መዝገብ፣ በምን ሁኔታ እንደሚያይ ይወሰን። የባለጉዳዮች ስም ይሸፈን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አሁን ስላለን ይህን ሳናደርግ መቅረት ነውርም ጥፋትም ነው።

አምስተኛውን በአጭሩ። የአገራችን የሕግ መጽሔቶች በአብዛኛው የሚያትሙት በእንግሊዝኛ ነው፤ የወረዳ ዳኛ ፍርድ የሚጽፈው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ነው። የማዕከሉ እያንዳንዱ ጥናት ዳኛው በሚፈርድበት ቋንቋ የተጻፈ አሥር ገጽ ማጠቃለያ ይኑረው። ለዩኒቨርሲቲው ደረጃ የማይቆጠር ቢሆን እንኳ ይጻፍ።

ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። አንዱ የመውጫ ፈተና ነው። የሕግ ተማሪዎች ይህን ፈተና ከሌሎች የትምህርት መስኮች ብዙ ዓመት ቀድመው ሲወስዱ ኖረዋል፤ የትምህርት ቤቱ ስም የሚነሳውና የሚወድቀው በዚያ ነው፤ መምህሩም ጫናው ከብዶታል። እውነት ነው። ለዚህም ነው አንድ ማዕከል የምለው፣ አምስት ያላልኩት።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከነክነኛል፣ በከፊልም እጋራዋለሁ። ሕግ የራሱ ሙያ ነው፤ አንቀጽን በጥንቃቄ ማንበብ፣ ክርክርን መገንባት፣ ፍርድን መመርመር ዓመታት ይፈጃል፤ ተማሪውን መጠይቅ አስይዛችሁ ብታሰማሩት ሁለቱንም ሳይችል ይወጣል ይላሉ። አንቀጽ ማንበብ የማይችል ጠበቃ ሲከራከር ስላየሁ ይህን አልንቀውም። መልሴ ማዕከሉ የሕግ ትምህርትን አይተካም የሚል ነው። አንደኛ ዓመት ተማሪ አይላክ። የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች፣ ሙያውን ከያዙ በኋላ፣ ከሌላ መስክ ጓዶቻቸው ጋር ይሥሩ። የመጀመሪያ ዲግሪው ልጅ የሚጠቀመው መምህሩ ከመስክ ያመጣውን ክፍል ውስጥ ሲነግረው ነው፤ ያን ጊዜ ማባዣው 15 መሆኑን ሸምድዶ ብቻ አይወጣም፤ ለምን ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነገር ይሆንለታል።

ለትምህርት ሚኒስቴር የማቀርበው አንድ ነገር ነው። በየዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ ማዕከል እንዲከፈት ሰርኩላር አትጻፉ። ባሕር ዳር በመሬት ላይ ይሥራ። ሐሮማያ በአርብቶ አደር አካባቢ ስላለው ባህላዊ ዳኝነትና የግጦሽ መብት ይሥራ፤ አቀማመጡ ይረዳዋል። ጅማ ሰፊ የጤና ትምህርት ስላለው ከሐኪሞቹ ጋር ሆኖ ስለ ሕክምና ስህተትና ስለ ታካሚ መብት ይመርምር። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ መሆኗን ይጠቀምበት። ሁሉም ሁሉንም ከያዘ ማንም ምንም አይዝም፤ ካለፈው ያየነው ይህንኑ ነው።

ለቦርዶችና ለዲኖች ደግሞ ይህን እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው የበጀት ዝግጅታችሁ አንድ ጥያቄ ምረጡ፤ በአንድ ገጽ ጻፉት፤ ለአምስት ዓመት የሚመሩትን ሁለት ሰዎች፣ አንዱን ከሕግ፣ ሌላዋን ከሌላ መስክ፣ ሰይሙ፤ የሚሸጋገር ሒሳብ ክፈቱላቸው፤ ከአንድ ፍርድ ቤት ጋር ተፈራረሙ። ጥያቄውንም ለሕዝብ አሳውቁ፤ በአምስተኛው ዓመት ምን አገኛችሁ ብለን እንድንጠይቃችሁ። እኔም ሆንኩ የሙያ ባልደረቦቼ የተዘጉ የካሳ መዝገቦቻችንን፣ የደንበኞቻችንን ፈቃድ አግኝተን፣ ስማቸውን ሸፍነን ለማስረከብ ዝግጁ ነን። ደረሰኝ የሚሰጠን ሰው ብቻ መድቡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጠበቃ